ፍላጎት ማለት

አንቀጽ የሚሉት ጠበቃ ሲያነጥስ እንኳ ንዑስ አንቀጽ ይጠቅሳል እየተባለ ይታማል። በሃያ ሁለት ዓመት ያረቀቃቸው የንግድ ውሎች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ጨረቃ ደርሰው፣ እዚያ ያለውን ቦታ አከራይተው ይመለሳሉ። የቢሮው ባለቤት ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ነው። ትልቁን ደንበኛ፣ የጠርሙስ ፋብሪካውን፣ ለማን እንደሚያወርሱ ትንፍሽ አላሉም፤ አንቀጽ ግን ለራሱ ካወረሰው ቆይቷል።

ይህ ግን "ሁለት ባንድ" የሚሉት ጠበቃ ቢሮው እስኪመጣ ነው። ሰውየው ኢኮኖሚክስ ተምሮ፣ ባንክ ሠርቶ፣ ሕግ የጨመረበት ነው። ነጋዴዎች ሲያማክሩት ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። አንቀጽ ይህን በመስታወቱ ግድግዳ አሻግሮ ባየ ቁጥር የተጎነጨው ሻይ አፉ ውስጥ ይቀዘቅዛል።

"ሁለት ያባረረ አንድም አይዝ" ይላል ለጸሐፊዋ።

"እሱ ግን ሁለቱንም ይዟል" ትላለች፣ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል።

ታዲያ አንድ ቀን ከጠርሙስ ፋብሪካው ጋር ውል ያለው ጭማቂ አምራች ድርጅት ጠርሙስ መውሰድ አቆመ። አንቀጽ ራሱ ባረቀቀው ውል ላይ "ገዢው በፍላጎቱ መጠን ከፋብሪካው ብቻ ይገዛል" ይላል። አምራቹ ደግሞ "ፍላጎት ማለት መፈለግ ነው፤ አልፈለግንም" ብሎ ከሌላ ይገዛል።

"ነገ ድርድሩ ላይ ሁለታችሁም ትገባላችሁ" አሉ ጋሼ። "ፋይሉ የማን እንደሚሆን እዚያው አያለሁ።"

አንቀጽ ደሙ ፈላ። ያ ሁለት ባንድ ፍላጎትና አቅርቦት እያለ ሊፈላሰፍበት አይደል? ቀድሞት ሊገኝ የተማሪ ልጁን የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ይዞ፣ ምሳውን ትቶ መኪናው ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ አነበበ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

በማግስቱ ማንም ሳይናገር ብድግ አለና ሰሌዳው ላይ ቁልቁል የሚንሸራተት መስመር አሰመረ።

"ፍላጎት በኢኮኖሚክስ እንዲህ ነው። ዋጋ ሲወጣ ፍላጎት ይወርዳል። ሕጉ ይኸው ነው።"

የተቃራኒው ወገን ጠበቃ እስክሪብቷን አነሳች። "ወንድሜ፣ እኛም እንዲህ አሳምረን አላስረዳንም። ጠርሙሳችሁ ተወደደ፣ ፍላጎታችን ወረደ። ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልን።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የኮርኒሱን አምፖሎች የሚቆጥር መሰለ።

ሁለት ባንድ ሰሌዳውን ዞር ብሎም አላየው። ውሉን ገለጠ። "ታላቄ ሰሌዳው ላይ ያስረዱት የትምህርት ቤቱን ፍላጎት ነው። በውሉ ያለውን ግን በሦስተኛው አንቀጽ ራሳቸው አስረውታል፤ 'ፍላጎት ማለት በሚመረተው ጭማቂ ልክ የሚያስፈልገው ጠርሙስ ነው' ይላል። ጭማቂ እያመረታችሁ አልፈለግንም ማለት አትችሉም። ያለፉትን አምስት ዓመታትም እንደዚሁ ገዝታችኋል።"

አንቀጽ ሦስተኛውን አንቀጽ ረስቶት ነበር። የገዛ እጁን ጽሑፍ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ማማሩ አንገበገበው።

ከቀትር በፊት አምራቹ ወደ ውሉ ተመለሰ። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ቆም አሉና "ፋይሉን ለሱ ስጠው" አሉት፣ በለሆሳስ።

ደንበኛውን ኢኮኖሚክስ ቢነጥቀው ኖሮ በመጽሐፉ ያሳብብ ነበር። የተነጠቀው ግን በሕግ፣ ያውም በራሱ አንቀጽ ነው። ፋይሉን ለሁለት ባንድ ሲያስረክብ ጣቱ አልላቀቅ አለው።

"ሦስተኛውን አንቀጽ የጠቀስከው የምርህን ነው፣ ወይስ ልታድነኝ ብለህ?"

"የምሬን ነው፣ ታላቄ። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አላረቅቅም ነበር።"

አንቀጽ ፊቱን መረመረ፤ የሽሙጥ ምልክት ፈለገ፤ አጣ። ያኔ ነው የባሰ የቀናው።