በቡሎኑ ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር

ኦዶኔ ወደ መኪናዋ ሞተር አየር የሚገፋውን ኮምፕረሰር በጨርቅ ሲወለውል እጁ በቀበቶ የሚዞረው ፑሊ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትናንት ከመውጣቱ በፊት የፑሊውን ቡሎን አጥብቆ ቢጫ መስመር አስምሮበት ነበር። አሁን መስመሩ አረንጓዴ ነው።

በዚህ የቶሪኖ ወርክሾፕ እያንዳንዱ መካኒክ የራሱ ቀለም አለው። አጥብቆ የጨረሰው ቡሎን ላይ ያሰምራል፤ ከዚያ በኋላ ቢላላ ተጠያቂው እሱ ነው። ቢጫው የኦዶኔ ነው። አረንጓዴው የቫልፍሬ፣ ከፋሲካ ወዲህ ከተፎካካሪው የተርቦ ክፍል ተዛውሮ የመጣው ሰውዬ።

ዙሪያውን ቃኝቶ መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ አውጥቶ ለካው። ፑሊው ትናንት እሱ ከገጠመው ያንሳል። ፑሊ ሲያንስ ኮምፕረሰሩ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ይግላል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ውስጡ የሚዞሩት ሁለት ብረቶች ይነካካሉ። ከተነካኩ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፕረሰሩ የተገጠመላት መኪና በሙከራው ሜዳ ላይ፣ በጭስ ግፊት አየር ከምትሞላው ከተርቦዋ መኪና ጋር ትፈተናለች። ከተሰበረች የወርክሾፑ አለቃ ኢንጂነር ሳርቶሪስ ለራሊው ውድድር ተርቦዋን ይመርጣሉ፣ የኦዶኔም ክፍል ይዘጋል። ከተማው ሁሉ ከሥራ በሚሰናበትበት በዚህ ዓመት፣ በሃምሳ ዓመቱ ማን ይቀጥረዋል?

ትናንት ቫልፍሬ "ጓንቴ ጠፋብኝ" ብሎ ከሁሉም ኋላ የቀረው ትዝ አለው። ምሳውንም እስካሁን የሚበላው ከተርቦ ክፍል ሰዎች ጋር ነው።

ቫልፍሬ የጨው ዓሣ የተጠቀለለበት ዳቦ እየገመጠ ገባ።

"እንዴት አደርክ ሽማግሌው?"

"ፑሊዬ የት ነው?"

"መሳቢያህ ውስጥ። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አስተኝቼዋለሁ።"

ኦዶኔ መሳቢያውን ሳበ። ፑሊው እዚያው ነው።

"ማነው የላከህ?"

"ማንም።"

"ጣትህ ራሱ አረንጓዴ ነው።"

"የዓሣው የቅጠል ማባያ ነው፤ ቅመስ ከፈለክ!" ቫልፍሬ ጣቱን ላሰና ሳቁን አቆመ። "ስማኝ። ላበላሽ ብመጣ በራሴ ቀለም አሰምራለሁ? የቢጫህ ቆርቆሮ እኮ እዚሁ ነው፤ ክዳኑ እንኳ አይገጥምም።"

"እንዲህ እንዳስብ ብለህ ይሆናል።"

"አይ አንተ! ሚስትህ እንዴት ቻለችህ?"

"ሚስቴን ተዋት። ከነዚያ ጋር ምሳ የምትበላው ለምንድን ነው?"

"ስለሚያማርሩ ነዋ። ተርቦዋ ከኩርባ ስትወጣ ነዳጁን ረግጠህ ጉልበቷ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ያንተዋ አታስጠብቅም፤ ግን ዳገት ላይ ትደክማለች። የሙከራው ሹፌር ነው የነገረኝ።"

"ለምን ለእኔ አልነገረኝም?"

"ይፈራሃላ።"

"አንተስ?"

"ፑሊው ሲያንስ ጉልበት ታገኛለች ብልህ እሺ ትል ነበር?"

"አልልም።"

"በቃ።"

መልሱ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ግን ኦዶኔን ይበልጥ አስጠረጠረው። ቁልፉን አንስቶ ቡሎኑን ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። ፑሊውን የሚያዞረው ቺንጋ መወጠሩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየ። ከዚያ ጆሮውን አስጠግቶ ፑሊውን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረ። አንድ ዙር፣ እንደገና። የሚነካካ ነገር ካለ ጆሮው አያልፈውም። የሰማው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"ትፈታዋለህ?" አለ ቫልፍሬ። አሁን እሱም አይበላም።

ኦዶኔ ብሩሹን ቢጫው ውስጥ ነከረና ከአረንጓዴው አጠገብ ቀጭን መስመር አሰመረ።

"ሁለት ቀለም? ቢሰበር እኮ ሁለታችንንም ነው የሚያባርሩን።"

"ቢሰበር አጠገብህ ቆሜ ፊትህን አየዋለሁ።"

የድሮውን ፑሊ ከነጨርቁ የቱታው ኪስ ውስጥ ከተተ፤ ካስፈለገ መልሶ ሊገጥመው ወደ ሜዳው ይዞት ይሄዳል። ብሩሹን በቤንዚን አጥቦ ጠረገው። የቆርቆሮውን ክዳን እስኪገጥም በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ወደ መደርደሪያው መለሰው።