ስሟን አልጠራሁም

«በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ፣ አጠገባቸው ሆነን ስንጸልይ፣ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሰላም…» ብሎ ጀመረ ሰባኪው።

ከጎረቤት በመጡ ወንበሮች የተጨናነቀው ሳሎን ጸጥ አለ። ሟቹ አጎቱ ናቸው፤ እንደ አባት ሆነው ያሳደጉት ጡረተኛ ርዕሰ መምህር። ከተቀበሩ ወዲህ ቤቱ ከለቀስተኛ ጎድሎ አያውቅም፤ ዛሬ የማጽናኛውን ቃል እንዲናገር የተጠየቀው እሱ ነው። ድምፁ ያምራል፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ራሱ ያውቀዋል።

«ልጄ» አሉ የሟች ባለቤት ከተቀመጡበት ጥግ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንተ እኮ አልነበርክም።»

አንድ ሰው ሳለ። ሰባኪው መልስ አጥቶ አያውቅም። «በመንፈስ ነበርኩ» ቢል እንኳ አሜን የሚለው አያጣም።

አጎቱን ሰፈሩ «ቀይ እስክሪብቶ» ይላቸው ነበር። የሠርግ መጥሪያ ሲደርሳቸው ሳይቀር የተሳሳተውን ፊደል አርመው ይመልሱ ነበር። ሰውን ግን ሰው ፊት አርመው አያውቁም። በተጣሉበት እሑድም ምእመናኑ ተበትነው እስኪያልቁ ጠብቀው፣ የአዳራሹን በር ዘግተው ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ዛሬ ያቺን ልብስ ሰፊ ሰው ፊት ራቁቷን አቆምካት።»

«ስሟን አልጠራሁም፣ ጋሼ!»

«በሰፈሩ ስንት ልብስ ሰፊ አለ? ልጇ መታሰሩን የነገረችህ እንድትጸልይላት ነው። ‹ለሥራ ራቅ ብሎ ሄደ› እያለች ከጎረቤት የደበቀችውን፣ አንተ የስብከት ማጣፈጫ አደረግኸው። ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት።»

ደሙ ፈላ። ያን ቀን አዳራሹ ሁሉ አልቅሶለት ነበር።

«እርስዎ የልጆች ደብተር ያርሙ፤ መድረኩን ለእኔ ይተዉልኝ» አላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጎቱ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲያያቸው ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። በመሃሉ ስለ ትሕትና ሰበከ፤ ያውም ጥሩ አድርጎ። አጎቱ ታመው «ይፈልጉሃል፣ ና» ተብሎ ሲደወልለት፣ «ጉባኤ አለብኝ፤ እንደጨረስኩ እመጣለሁ» አለ። ጉባኤው ሳያልቅ አጎቱ አረፉ።

«አዎ» አለ አሁን። «አልነበርኩም። ጠርተውኝ አልመጣሁም።»

አንድ ጥቅስ ሊያስከትል ፈለገና ዋጠው፤ ተቀመጠ። ከኋላው አንድ ሽማግሌ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ…» ብለው ሲያንሾካሹኩ፣ አጠገባቸው ያለው በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው። ሰማ። ፊቱ በእፍረት ጋለ።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ወደ አክስቱ ተጠግቶ «ተቀይመውኝ ነው የሞቱት?» አለ።

«ኧረ! በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹መጣ› እያሉ ቀና ይሉ ነበር።»

ተቀይመውት ቢሆን ይሻለው ነበር። «ልብስ ሰፊዋ ለቅሶ አልደረሰችም?» ሲል ጠየቀ።

«ማድ ቤት ናት። ከቀብሩ ጀምሮ ዕቃ የምታጥበው እሷ ናት።»

ሴትዮዋ እጅጌዋን ሰብስባ የሻይ ብርጭቆ ታጥባለች። ቀና ብላ አየችውና ወደ ውሃው ተመለሰች።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለ። «ምስጢርዎን አደባባይ አወጣሁት።» ‹ስምዎን ባልጠራም› የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች፤ ነክሶ መለሳት። «ጋሼ ነግረውኝ ነበር። እንቢ አልኳቸው።»

ሴትዮዋ ታጥቦ ያለቀለትን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው።

«ልጄ ሲፈታ ሰፈሩ እየተጠቋቆመ ነው የሚቀበለው» አለች። «ይህን በይቅርታ አትመልሰውም።»

«አልመልሰውም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። በአገጭዋ ወደ እርጥቦቹ ብርጭቆዎችና ወደ ጨርቁ ጠቆመችው። ጨርቁን አንስቶ አንዱን ወለወለና ትሪው ላይ አስቀመጠ። እሷ መልሳ አነሳችው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ አየችው።

«ታቹ አልደረቀም» ብላ ሰጠችው።

«እሺ» አለ።

ብርጭቆውን ገልብጦ እንደ አዲስ ይወለውል ጀመር፤ እንባው ግን እየተንጠባጠበ መልሶ ያረጥበው ነበር።