ለእኔ የደረሰኝ ግስ

ሰኞ ረፋድ ላይ ከልጄ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ፤ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። የምሠራው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የሸሚዝ ኮሌታ እተኩሳለሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወንበር ሰጡኝና ልጄ ከዴስክ ጓደኛዋ ጋር መጣላቷን ነገሩኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«ያንብቡትና ከተስማሙ ይፈርሙበት፣ እናቴ።»

ወረቀቱ በእጅ የተጻፈ ነበር። እኔ ማንበብ ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው። የመጽሐፍ ፊደል ከሆነ ጣቴን ከሥሩ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ እዘልቀዋለሁ። የሰው እጅ ጽሑፍ ላይ ግን ገና ነኝ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ዓይኔን ከመስመር ወደ መስመር አስኬድኩ። ማንበብ የሚችሉ ሰዎች መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ እኔም ነቀነቅኩ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ቆንጆ ነው፤ ከሁሉ በፊት የተማርኩት እሱን ነው።

«ዓርብ ኮሚቴው ይሰበሰባል» አሉኝ ምክትሉ። «ከዚህ ትምህርት ቤት ልትሰናበትም ትችላለች።»

ከሥራ ስመለስ ልጄ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ዓሥራ አራት ዓመቷ ነው።

«እማዬ፣ ወረቀቱ ላይ ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

«አንብበሽ?»

«አንብቤ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ከ«እሺ» እና ከ«የለም» ሌላ ቃል ብዙም ከአፏ አልወጣም። ስለ ጠቡ ስጠይቃት «ወረቀቱ ላይ አለልሽ» ትለኛለች። እኔም አንብቤዋለሁ ብያለሁና ከዚያ በላይ መጠየቅ አልቻልኩም።

የጽሕፈት መለማመጃ ደብተሬን የመለሰችልኝም ያው ሰኞ ዕለት ነው። ደብተሬ በየሳምንቱ ሰኞ ከእሷ ጋር ትምህርት ቤት ይውላል። በዕረፍት ሰዓት መስመር ታሰምርልኛለች፤ በየገጹ አናት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፍልኛለች፤ እኔ ከሥር ከሥሩ እገለብጣለሁ። ቤት ውስጥ ጊዜ ስለማይኖራት ነው። በዚህ ሰኞ ሽፋኑ በፕላስተር ተጣብቆ መጣ። «ቦርሳ ውስጥ ተቀደደ» አለችኝ።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ ወደ ማታ ትምህርት ክፍሌ ሄድኩ። የምንማረው በመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ ስንቀመጥ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ይደርሳል። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአማርኛውን ፊደል ከጨረስን ወዲህ ለእያንዳንዳችን በሳምንት አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ይሰጡናል። የግሱን ትርጉሞች ጽፈን፣ ለእያንዳንዱ ትርጉም ከራሳችን ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ማምጣት አለብን። በእርግጥ የሆነ ነገር መሆን አለበት፤ ፈጥሮ መጻፍ አይፈቀድም።

«ለእኔ ‹መተኛት› ደረሰኝ» አለ የባንክ ዘበኛ የሆነው ጓደኛችን። «አለቃዬ ይህን ደብተር ካየ አለቀልኝ።»

«አንተ ትርጉሙን ብቻ ጻፍ» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ። «ምሳሌውን ሁላችንም እናውቀዋለን።»

ለእኔ የደረሰኝ «ኮንቴንድ» የሚል ነው። መምህሩ መዝገበ ቃላቱን ገለጡልኝ።

«ሰፊ ቃል ነው፣ እህቴ። መታገል ይሆናል፤ ከሰውም ከችግርም ጋር። መፎካከርም ይሆናል፤ አንዱን ነገር ሁለት ሰው ሲፈልገው። ደግሞ መከራከር፤ እውነቱ ይህ ነው ብሎ ሽንጥን ገትሮ መሟገት።»

«መደባደብስ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱ የሥጋ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ለመደባደብ እንግሊዞቹ ሌላ ቃል አላቸው። ሰው ሳይደባደብ ሊታገል ይችላል።»

ይህንንም በደብተሬ ጻፍኩት፤ የተጠየቅኩት ባይሆንም።

ሐሙስ ራት ከበላን በኋላ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሳልቸገር ጻፍኩ። ለመታገል፣ «ክረምት ሲገባ ካልደረቀ ጨርቅ ጋር እታገላለሁ።» ለመፎካከር፣ «እኔና ባልደረባዬ በአዲሱ ካውያ እንፎካከራለን፤ ማለዳ ቀድማ የገባችው ትወስደዋለች።» ሦስተኛው ላይ እርሳሴ ቆመ። ከማን ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ ብዬ አሰብኩ። የቤት አከራያችን ሲናገሩ እሺ እላለሁ። አለቃዬ ሲናገር እሺ እላለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለም ነገር ከሚረዝም ብዬ እተወው ነበር።

ልጄ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሒሳብ ትሠራለች።

«ስለ መከራከር አንድ ዓረፍተ ነገር ስጪኝ እስቲ» አልኳት።

«ከራስሽ ኑሮ መሆን አለበት አይደል የሚሏችሁ?»

«የለኝም እኮ።»

«እንደሌለሽማ አውቃለሁ።» ከደብተሯ ቀና አላለችም። «ለእኔ እንኳ አልተከራከርሽም።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«‹በቡጢ መታች፣ ፊት ቧጠጠች› የሚል ወረቀት አንብበሽ ፈረምሽ። ‹ልጄ ይህን አታደርግም› አላልሽም። ‹እስቲ እሷን ልጠይቃት› እንኳ አላልሽም። እኔ ማንንም አልመታሁም።»

እርሳሱን አስቀመጥኩት። ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

«አላነበብኩትም» አልኳት።

«ምን?»

«የእጅ ጽሑፍ ነበር። ፊደሉን መለየት አቃተኝ። አፈርኩና ፈረምኩ።»

ከደብተሯ ቀና አለች።

«ራስሽንም ነቀነቅሽ?»

«ነቀነቅኩ።»

«ወይ እማዬ» አለች። ሳቅም ለቅሶም የሚመስል ነገር አፏ ላይ መጣና ሄደ። ደብተሬን ሳብ አድርጋ ጣቷን በፕላስተሩ ላይ አኖረች። «ይሄ ቦርሳ ውስጥ አልተቀደደም።»

ከዚያ ነገረችኝ። በዕረፍት ሰዓት መስመር እያሰመረችልኝ ሳለ የዴስክ ጓደኛዋ ደብተሩን መንጭቃ ወሰደች። ‹እኔ ኮሌታ እተኩሳለሁ› የሚለውን የእኔን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች፣ ከነግድፈቱ። የትኛው ሕፃን ነው የጻፈው ብላ ጠየቀች። ልጄ የእናቴ ነው አለች። ልጅቷ ዴስክ ላይ ወጥታ ሌላ ገጽ ማንበብ ጀመረች። ልጄ ደብተሩን ያዘች፤ ያቺም አለቅም አለች። ሲጓተቱ ሽፋኑ ተቀደደ፣ ልጅቷም ወደ ኋላ ወደቀችና የዴስኩ ጠርዝ ጉንጯን ላጣት።

«ጎትቻለሁ» አለች ልጄ። «አልመታሁም።»

«ለምክትሉ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«የማን ደብተር ነው ይሉኛላ።»

ዓርብ ጠዋት፣ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት፣ ምክትሉ ቢሮ ገባሁ። ልጄን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኳት። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደጋግም ነበር የመጣሁት፤ በሩ ላይ ስደርስ ግማሹ ጠፋብኝ።

«የሰኞው ወረቀት ልክ አይደለም» አልኳቸው።

«ፈርመውበታል እኮ፣ እናቴ። እዚሁ፣ እኔ ፊት፣ አንብበው።»

«አላነበብኩትም። ያነበብኩ መሰልኩ እንጂ። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም።»

ጥግ ላይ የነበረችው ጸሐፊ መተየቧን አቆመች። ደብተሬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«የተጓተቱበት ደብተር ይኸው። የእኔ ነው።»

ምክትሉ ገለጡት። የልጄን ዓረፍተ ነገር አዩ፣ ከሥሩ የእኔን ሰባት መስመር አዩ፣ ፕላስተሩን ነካ ነካ አደረጉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ይገባኛል» አሉ። «ግን ያው ነው። ተደባደቡም ታገሉም፣ የሰው ልጅ ፊት ተልጧል።»

«ያው አይደለም። ታግላለች፤ አልተደባደበችም። ለታገለችው እሷም እኔም ይቅርታ እንጠይቃለን። ባልሠራችው ግን መሰናበት የለባትም።» ጣቴን ፕላስተሩ ላይ አኖርኩ። «ያቺንም ልጅ ይጠይቋት። ፊቷን ምን እንደነካው እሷ ታውቃለች።»

የተፈረመ ወረቀት እንደማይቀደድ ነገሩኝ፤ ሌላ ጽፌ ማያያዝ ግን እችላለሁ። ጸሐፊዋ ልትጽፍልኝ ተነሳች። «ልሞክረው» አልኳት። ከአንዱ ደወል እስከሚቀጥለው ደወል ፈጀብኝ። ስድስት መስመር ወጣኝ። ሁለት ቦታ ሰርዣለሁ።

ኮሚቴው ሁለቱንም ልጆች አስገባ። እኔ ውጭ ሆኜ የኮሪደሩን መስኮቶች ቆጠርኩ፤ ዓሥራ አንድ ናቸው፤ እንደገና ቆጠርኩ። የዴስክ ጓደኛዋ መጀመሪያ ወጣች፤ አንገቷን ደፍታ ነበር። ቆይቶ ምክትሉ ጠሩኝና በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጡኝ።

«በማስጠንቀቂያ አልፈናታል። ልጅቷም እንዳልተመታች ተናግራለች። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

እስክሪብቶውን ዘረጉልኝ። አልተቀበልኩም። ጣቴን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አድርጌ ጀመርኩ። ምክትሉ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። አራተኛው መስመር ላይ ቆምኩ።

«እዚህ ጋ ‹በመደባደቧ› ይላል።»

ወረቀቱን ወደ ራሳቸው አዙረው አዩት። ቃሉን ሰረዙ፣ ከላዩ «በመጓተቷ» ብለው ጻፉ፣ ጎኑ ላይ ፈረሙ። ያንንም አነበብኩ፤ የእጅ ጽሑፍ ቢሆንም ረጋ ብለው ስለጻፉት ተለየኝ። ከዚያ ፈረምኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ መምህሩ ተራ በተራ አስነበቡን። እኔ ጋ ሲደርሱ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንብቤ ወደ ሦስተኛው አለፍኩ።

«ዓርብ ዕለት ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋር ተከራከርኩ።»

«ማን ረታ?» አለ ዘበኛው።

«ልጄ ነገም ትምህርት ቤት ትሄዳለች» አልኩና ተቀመጥኩ።