ዜሮ የተሰጠው ካሬ

ማረጋገጫውን ደግሞ ጀመረችው፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ለአንድ እውነት ነው፣ ለኬ እውነት ነው እንበል፣ ቆይ እላታለሁ፣ ምን ፍለጋ ነው የምትሄጂው። ወንጌላዊት ነገ ድጋሚ ፈተና አለባት፣ ከወደቀች ከግቢ መባረሯ ነው፣ የምታረጋግጠውን ግን አታውቀውም፣ ከየት ታውቀው፣ የሚያስተምራት ዶክተር ወልደ ጻድቅ ነው፣ ያው እሱ፣ ያኔ እኔንም ያስተማረው፣ ዛሬም ፔዳ ግቢ፣ ዛሬም ሰሌዳ አስገልብጦ ያችኑ መልሱልኝ የሚል።

ነፋሱ ከሐይቁ እየመጣ ወረቀቷን ያገላብጠዋል፣ ተይው ወረቀቱን፣ ከአንድ ጀምረሽ ኢተጋማሽ ቁጥሮችን በተራ ደምሪ፣ አንድና ሦስት አራት፣ አምስት ሲጨመር ዘጠኝ፣ ሁልጊዜ ካሬ ነው እንዴ ጋሼ፣ አዎ፣ ለምን ሁልጊዜ፣ የምትፈልጊው እሱን ነው፣ እሱን በራስሽ ቃል ከላይ ጻፊና ከዚያ ሂጂ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፣ የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበን ተማሪ ያንተስ የታለ ብለው ያስነሱታል፣ እኔም የራሴን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ጅል፣ ለዚሁ ጥያቄ ካሬ ሣልሁ፣ ወልደ ጻድቅ ዜሮ ሰጠኝ። ስህተቱ የቱ ጋ ነው ዶክተር፣ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው እኮ፣ ስህተት ነው አላልሁም፣ እኔ የሰጠሁህ አይደለም። በዚያች ዜሮ ረዳት መምህርነቱ ለክፍል ጓደኛዬ ለአካሉ ሄደ፣ ሰሌዳውን ነጥብ ሳያስቀር ለገለበጠው፣ እኔ ይኸው ዋርካ ሥር አስጠኚ።

ጠጠር ትለቅማለች። አንድ ታስቀምጣለች፣ ሦስቱን በጎኑ፣ በላዩና በማዕዘኑ፣ አምስቱን በነዚያ ዙሪያ፣ ቅጥር እንደሚያጥር ሰው። ጋሼ፣ የሚመጣው ቁጥር ሁልጊዜ ሁለቱን ጎንና ማዕዘኑን ይሞላል፣ ለዚህ ነው ካሬነቱ የማይፈርስ። እኔ አላሳየኋትም፣ እግዜር ያውቃል አላሳየኋትም። ነገ ይህን ልጻፍ ወይስ የሳቸውን፣ ትለኛለች።

ይህን በላት፣ ይህን፣ ፊቱ ላይ ትወርውርለት፣ ከዚያስ፣ ሻንጣዋን ይዛ መነኸሪያ። የሳቸውን እላታለሁ፣ የሳቸውን ጻፊ። ቅር ሊላት ነው ስል ወረቀቷን ከጠጠሮቹ አጠገብ ዘርግታ ታያለች፣ ጋሼ፣ እሳቸው የሚጨምሯት ሁለት ኬ ሲደመር አንድ፣ ይቺ የጠጠሮቹ ቅጥር፣ ሁለቱ ጎንና ማዕዘኗ፣ አይደለችም እንዴ።

ናት። ያኔም ነበረች፣ ለዶክተሩ ነግሬው ነበር።

እንደገና ትጀምራለች፣ ለኬ እውነት ነው እንበል፣ አሁን ዓይኗ አልተጨፈነም፣ ጣቷ ካሬው ዙሪያ ይሄዳል፣ ነገ ሙሉ ነጥብ ይሰጣታል፣ ይሰጣል ሰውዬው፣ ያኔ ዜሮ ለሰጠው ለዚያው ካሬ እንደሰጠ ሳያውቅ።