በተሰማ ስም የታደሰው ካርድ

ጤና ጣቢያ ሄጄ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። የጤና መድን ካርዱ የወጣው በአባወራው ስም ስለሆነ የሚጠሩት ባሌን ነው። "ተሰማ ሰላሁን!" ይላሉ፣ እኔ እነሳለሁ። ተሰማ ከሞተ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። የሚጠሩት ልጆች ይህን አያውቁም፤ አልነገርኳቸውም።

እኔ ወለተሰንበት እባላለሁ። ልደታ ፍርድ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፕ መትቻለሁ። ጡረታ ስወጣ የስኳር በሽታም አብሮኝ ወጣ፤ ሌላ ሽልማት አልሰጡኝም። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ በፖስታ ነው። ጡረታዬን እንደተቀበልኩ እከፋፍለዋለሁ፤ ይኼ ለመብራትና ለውሃ፣ ይኼ ለዕድር፣ ይኼ ለአስቤዛ፣ ይኼ ለመድን። የመድኑን ክፍያ የሚጠይቁት በዓመት አንዴ ነው። ያን ያህል ብር በአንድ ጊዜ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ለአሥራ ሁለት ከፍዬ በየወሩ አስቀምጥ ነበር። በእኛ ወረዳ ዕድሳቱ ጥር ሲያልቅ ይዘጋል። ካመለጠህ እስከ ከርሞ ከኪስህ ትታከማለህ፣ ልቅሶህም ምክንያትህም አይሰማም። ይህን ለሰፈሩ ጡረተኛ ሁሉ ስሰብክ የኖርኩት እኔ ነኝ። ጉዱን የሠራሁትም እኔው ነኝ።

ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዙሃራ የእቁባችን ዳኛ ናት። በየእሑዱ እንጥላለን። እኔ የገባሁት ፍሪጅ ለመግዛት ነበር፤ ኢንሱሊኔን እንስራ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ሰልችቶኝ። ተሰማ በሞተበት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ኪሴን አራቆተውና ለእቁቡ የምጥለው አጣሁ። ዕጣ ያልደረሰን ሦስት ሰዎች ቀርተናል፣ ዕድሳቱ ሊዘጋ ሁለት እሑድ ይቀረዋል። ከሁለቱ በአንዱ ይወጣልኛል ብዬ የመድኑን ፖስታ ከፍቼ ለእቁቡ ጣልኩት። መጀመሪያው ለሌላ ወጣ። ሁለተኛውም ለሌላ ወጣ። ጥር አለቀ፣ የመድኑ መስኮት ተዘጋ። በቀጣዩ እሑድ ዕጣ እንኳ አላስፈለገም፤ ከእኔ በቀር የቀረ ሰው ስላልነበረ ብሩን ቆጥረው ሰጡኝ።

ለተሰማ ካርዱን አሳድሻለሁ አልኩት። ለምን እንደዋሸሁት አሁንም አይገባኝም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አብነት ሰፈር ውስጥ አንዲት ሲንጀር የስፌት መኪና ይዞ ልብስ ሲሰፋ የኖረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። አፈርኩ፣ በቃ። በእቁቡ ብር ፍሪጁን ገዛሁ፣ ኢንሱሊኔንም በድብቅ ከጡረታዬ እየገዛሁ "ከጤና ጣቢያ ነው" እለው ነበር።

በመጋቢት ጎኑን እየያዘ መቀመጥ ጀመረ። ሂድ ታከም ልለው አፌን ከፍቼ ዋጥሁት፤ ሄዶ ካርዱን ሲያሳይ ውሸቴ ሊወጣ ነዋ! "ምች ሳይሆን አይቀርም" አለኝ አንድ ቀን። እኔም ቶሎ ብዬ ምች ነው አልኩና ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠሁት። ሲጠጣ ቆሜ አየሁት። በሰኔ እዚያው አልጋው ላይ ሞተ።

ከሰባት ወር በኋላ ዕድሳቱ ሲከፈት ሄጄ በእሱ ስም ከፈልኩ። መሞቱን አልተናገርኩም። ዘግይቶም ቢሆን የከፈልኩለት መሰለኝ። በዓመቱ ደገምኩት።

እሱም የከፈልኩለትን ያህል ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ሰዎች ሙት ቤቱን አይለቅም ሲሉ ስሰማ እስቅ የነበርኩ ሴት ነኝ፤ አሁን ግን በጠራራ ፀሐይ ሽንኩርት ስልጥ ከወዲያኛው ክፍል መቀሱ ጠረጴዛ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ረጅም ጨርቅ ሲቀድ እንደሚያደርገው ይሄዳል፣ ያቆማል፣ ይሄዳል። ገብቼ ሳይ ማንም የለም። የመድኑ ፖስታ ውስጥ ብር በማስገባበት ቀን ደግሞ ከኋላዬ ይቆማል። የልብስ ጠመኔው ይሸተኛል። ዘወር ብዬ አላውቅም። "ይኸው፣ አስገባሁ፣ ምን ቀረህ?" እለዋለሁ። ስንት ጊዜ ተቆጥቼው፣ ስንት ጊዜ ለምኜው፣ አንድ ቃል አልመለሰልኝም።

ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ቁጭ ብያለሁ። ነርሷ ወጥታ "ተሰማ ሰላሁን!" ብላ ተጣራች። ልነሳ ጉልበቴን ስይዝ ከኋላዬ "አቤት" አለ። በዚያች በጎረነነች ድምፁ። ዞርኩ፤ ከኋላዬ ያለው አግዳሚ ባዶ ነው። ወደ ነርሷ ስመለስ እሷም ከትከሻዬ አልፋ ወደዚያው ትመለከት ነበር። ካርዱን ተቀብላኝ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ዘንድሮ መዘዙ መጣ። አሮጌው ካርድ ሁሉ ተቀይሮ በአዲስ ይሰጣል፣ አባወራው ራሱ ቀርቦ አሻራ ይስጥ ተባለ። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ፍሪጁ ውስጥ የቀረችኝ አንዲት ብልቃጥ ኢንሱሊን ናት፤ ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም፣ ዓመት ሙሉ ከኪሴ ልግዛ ብል ሌላውን ፖስታ ሁሉ ይበላዋል። ተሰማን ሞቷል ካላልኩ እኔም መከተሌ ነው። ሐሙስ ማታ ዙሃራ ሱቅ ሄጄ በተሰማ ስም እያሳደስኩ መኖሬን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። የእቁቡን ነገርና ለተሰማ የዋሸሁትን ግን ዋጥ አደረግሁ። እሷም ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ከዕድሩ ደብዳቤ አስጽፈው ይሂዱ አለችኝ። ሟች ማውጣት ከካርድ ላይ አንድ ስም መሰረዝ መሰላት።

ዓርብ ከሰዓት የዕድሩን ደብዳቤ ይዤ ወረዳው መድን መስኮት ደረስኩ። ሚደቅሳ የሚባል ሰው ነው ያለው፤ ካርድ ማሳደስ ከጀመርን ጀምሮ እዚያው መስኮት ላይ ነው። ደብዳቤውን አነበበ። መዝገቡን ገለጠ። ከሞተበት ሰኔ ወዲህ ሁለት ጊዜ በሟቹ ስም ማሳደሴን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። የምለው ጠፍቶኝ ተሰማ ከካርዱ ሲወጣ ክፍያው ይቀንስልኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በቤተሰብ ነው፣ አንድም ሆኑ አምስት ያው ነው አለኝ። በዚያች ሰዓት ያን በመጠየቄ አፈርኩ።

ሚደቅሳ መነጽሩን አወለቀ።

"ባለቤትዎን አውቃቸዋለሁ" አለኝ። "በሞቱበት ዓመት፣ መጋቢት ላይ መጥተው ነበር። ጤና ጣቢያ ካርዱ አልታደሰም ብሎ መልሷቸው። ብር ይዘው ነበር፣ አሁን ልክፈል አሉኝ። ጊዜው አልፏል አልኳቸው።"

"ምን አለ?"

"ብሩን ኪሳቸው መልሰው ወጡ። ብቻ ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መጡና አስማሉኝ። 'ባለቤቴ ብትመጣ መምጣቴን እንዳትነግራት፤ ካወቀች ራሷን አትምርም' አሉኝ።"

የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ሦስት ወር ሙሉ እያወቀ አብሮኝ በላ። ዳማከሴውን ስሰጠው እያወቀ ጠጣው። ምች ነው ያለኝ እኔን ለማሳረፍ ነበር።

ከዚያ ተናደድኩ። በተሰማ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። "ብትቆጣኝ ምን ነበረበት?" አልኩት፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማኝ። "አንዴ፣ አንዴ እንኳ ጮኸህ ብሩን የት አደረግሽው ብትለኝ፣ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሸጬ ትልቅ ሆስፒታል አስተኛህ ነበር። እኔ ፈርቼ ደበቅሁህ። አንተ አዝነህልኝ ደበቅኸኝ። ስንደባበቅ ሞትክ።"

ሚደቅሳ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል። ከኋላዬ ያለችው ሴት ክንዴን ደገፍ አደረገችኝ።

"ልሰርዛቸው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ሰርዘው" አልኩት።

አሻራዬን ሰጠሁ፣ ክፍያዬን ከፈልኩ። ሚደቅሳ አዲሱን ቅጽ አምጥቶ አባወራ ወይም እማወራ በሚለው ቦታ ላይ የእኔን ስም ጻፈ። ከታች የቤተሰብ አባላት የሚል ሰንጠረዥ አለ። ልጅ አልወለድንም፤ እዚያ የሚጻፈው ተሰማ ብቻ ነበር። ሚደቅሳ በየመስመሩ ጭረት ሲያደርግ ቆሜ አየሁት።