ያሕያ «እሽ» ያለ ቀን

ቸኮል አይዋሽም። እውነትን ትንሽ እርሾ ጣል ያደርግባትና እስክትነፋ ይጠብቃል እንጂ። መካኒሳ ታክሲ ተራ፣ የሰው ዳቦ በእንጨት ሣጥን ተሸክሞ ሲያዞር ስድስት ዓመቱ ነው። የራሱ መጋገሪያ ቢኖረው የጎፋ ሰው ሁሉ በመዓዛው ተጎትቶ በእግሩ እንደሚመጣ ለሰማው ሁሉ ይምላል።

ስለዚህ አንድ የእርዳታ ድርጅት «ስደተኛና ነዋሪ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ለምትሠሩ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ እንሰጣለን» ሲል ቀድሞ የተሰለፈው እሱ ነበር። በዕጣ የደረሰው ያሕያ ነው፤ ከጦርነት ሸሽቶ ከየመን የመጣ፣ ጢሙ የሸበተ ዳቦ ጋጋሪ። አማርኛው ገና ከ«ሰላም» አላለፈም።

የድርጅቱ ሠራተኛ ቢፍቱ ወረቀቷን ዘርግታ ጠየቀች።

«ቅዳሜ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ስንት ዳቦ ጋግራችሁ ታሳዩናላችሁ?»

«ሦስት መቶ!» አለ ቸኮል። ሠላሳ ሊል ነበር፤ አፉ ቀደመው።

ቢፍቱ ወደ ያሕያ ዞረች። «አባባ፣ ሦስት መቶ ያደርሳሉ?»

«እሽ?» አለ ያሕያ።

«ያለ መጋገሪያ?»

«እሽ?»

«አንድ ቢጎድል መጋገሪያው ለተጠባባቂዎቹ ነው። ተስማምተዋል?»

«እሽ?»

«እንዲህ ነው እንጂ ቆራጥ ሰው!» ብላ ጻፈችው። ለዚያ የሚበቃ ዱቄትም ያኔውኑ አስጫነችላቸው።

ቸኮል ያሕያን አስከትሎ እየዘለለ ከጎረቤቱ ከበቀለች ግቢ ደረሰ። በቀለች ዓረብ አገር አሥር ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ከያሕያ ጋር በዓረብኛ ሁለት ቃል እንደተለዋወጠች ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አንተ ቀላማጅ! ሰውዬው መቼ እሺ አለ? በነሱ ‹እሽ› ማለት ‹ምን?› ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ‹ምን አልሽ?› እያለ ነው የጠየቃት!»

ቸኮል የዱቄቱ ጆንያ ላይ ዘፍ አለ። «አለቀልን፣ እትዬ በቀለች! በይ ንገሪው።»

ነገረችው። ያሕያ ግን አልደነገጠም። ተነሥቶ ግቢውን ዞረና የዛገ የውሃ በርሜሏን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ይህን ስጪኝ ነው የሚለው» አለች በቀለች ግራ ተጋብታ።

ከዚያ ወዲያ ግቢው ግቢ አልሆነም! በርሜሉ ጋራዥ ሄዶ ከሥሩ የአየር ቀዳዳ ወጣለት፣ ውስጡ ጭድ በገባበት ጭቃ ተለሰነ፣ ዓርብ ሙሉ እሳት ጠጣ። ቅዳሜ ማለዳ ቸኮል ሊጥ ያድቦለቡላል፤ ያሕያ ይለጥጥና ክንዱን እስከ ትከሻው በርሜሉ ውስጥ ሰዶ ጧ! ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። «በስመ አብ» ብለው ሳይጨርሱ ዳቦው ጉንጩን ነፍቶ ይወጣል።

«መቶ ሰማንያ!» ትላለች በቀለች። «ሁለት መቶ አርባ!»

እዚያ ላይ እንጨት አለቀ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነው። ያሕያ ባዶ እጁን ዘረጋ። ቸኮል ዙሪያውን ቢያይ ያለው ያ የስድስት ዓመት ሣጥኑ ብቻ ነው። ዛሬ ካልተሳካ ሰኞ በምን ይሸጣል? ዓይኑን ጨፈነ፣ በእግሩ ሰባበረው፣ እሳቱ ውስጥ ወረወረው።

ቢፍቱ ስትገባ በቀለች «ሦስት መቶ አራት!» እያለች ታጨበጭባለች። ቢፍቱ ቆጠረች፣ ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች። መጋገሪያው ከመኪና ይውረድ አለች።

«ለሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ለተማሪዎች ምገባ ስድስት መቶ ታደርሳላችሁ?»

ቸኮል በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቶ ያሕያን አየ።

«ምን?» አለ ያሕያ፣ በጠራ አማርኛ።

በቀለች ተረጎመችለት። ያሕያ የሚወርደውን መጋገሪያ አየ፣ በርሜሉን አየ፣ በዱቄት የነጣ ጢሙን ጠረገ። ከዚያ የቃሏን ጫፍ ጎተት አድርጎ «እሺ!» አለ።

ቸኮል ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም።

«ሰማሽ አይደል፣ ቢፍቱ? ሺ አለ! ሺ ብለሽ ጻፊ!»