የአባቴ ነጭ ነጥብ

አባቴ ጋራዣችን ውስጥ የፍሬን ቱቦ የሚመረምረው ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። መኪናው በክሪክ ይነሣል፣ ጎማው ይወልቃል፤ እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቱቦውን አንገቱ ላይ፣ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር በሚጋጠምበት በኩል፣ በአውራ ጣቱ እያጠፈ ይዳብሰዋል። ስንጥቅ፣ እብጠት፣ ያለ ቦታው የመጣ ልስላሴ፣ ሁሉንም ጣቱ ታነበው ነበር። «ዐይን የሚያየው አቧራውን ነው» ይላል። ቱቦው ደኅና ከሆነ አንገቱ ላይ አንዲት ነጭ የቀለም ነጥብ ያደርግበታል። ደንበኞች ሌላ ነገር አይጠይቁም፤ ነጥቧን አይተው ቁልፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የሰፈሩ ሰው «አውራ ጣት» ይለዋል፤ እኔን ደግሞ «በቁሙ የሚያልመው»። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ እሱ ጋ ከገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ሥራውን አውቀዋለሁ፤ ሰው ፊት መናገር ግን አልሆነልኝም።

ስኳር በሽታው የጣቶቹን ስሜት መብላት የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያወቅኩት አንድ ጠዋት፣ ገና ባልቀዘቀዘ የጭስ ማውጫ ላይ እጁን አሳርፎ ከደንበኛ ጋር ሲጨዋወት ነው። የሚቃጠል ቆዳ ሽታ ቀድሞ የሸተተው እኔን ነው። እጁን መንጭቄ ሳነሣለት፣ የተላጠ ጣቱን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጦ አየው። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ስሜቱ ከእጅና ከእግር ጫፍ ጀምሮ ይሄዳል ብሎ። አባቴ ያን ቀን ከሐኪሙ ሲወጣ «እሱ ስለ ቱቦ ምን ያውቃል» ብሎ አስቆን ነበር።

በዚያው ሳምንት የሰፈራችንን አዋላጅ መኪና አየ። ቱቦውን አጠፈ፣ ዳበሰ፣ ነጥቧን አደረገ። እኔ ከጎኑ ቆሜ፣ ውስጡ ያለው ክር እስኪታይ የተሰነጠቀውን ላስቲክ አየሁት። አዋላጇ እያመሰገነችው ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። እሷም መኪናዋን ከሰዓት በኋላ መጥታ ልትወስድ ቀጥራ ሄደች።

አባቴ ከምሳ በኋላ ከሚኒባስ በተነቀለ ወንበር ላይ ጋደም ይላል። እሱ ሲያንኮራፋ ቱቦውን በአዲስ ቀየርኩት። አየሩ ከፍሬን ዘይቱ እስኪወጣ ድረስ ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል፤ የዕቃ ክፍሉን የምትይዘው እህቴ ገባችልኝ። «ርገጪ፣ ልቀቂ» ብዬ መጮህ ስለማልችል ቆርቆሮውን በጣቴ አንኳኳላታለሁ፤ አንዴ ሳንኳኳ ትረግጣለች፣ ሁለቴ ሳንኳኳ ትለቃለች። ስንጨርስ ብሩሹን አንሥቼ አዲሱ ቱቦ ላይ ነጥቧን ራሴ አደረግሁ። እህቴ ከመሪው ኋላ ሆና ታየኝ ነበር።

«እጅህ በአባዬ ወጥቷል» አለችኝ፤ «አፍህ ግን በማን እንደወጣ እንጃ።»

ነገ እነግረዋለሁ አልኳት። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላ። አሥራ አንድ ቱቦ ቀየርኩ። አሮጌዎቹን አልጣልኳቸውም፤ የምነግረው ቀን ማስረጃ ይሆኑኛል እያልኩ በጆንያ አጠራቀምኳቸው። እህቴ በየጊዜው ንገረው እያለች ትለምነኛለች፤ እኔ ጆንያውን እያሳየሁ ቀን እቀጥራለሁ። አባቴ ግን ልቡ አበጠ። በባትሪና በመስታወት የሚመረምሩትን መካኒኮች «መስታወት ለፀጉር አስተካካይ ነው» እያለ ይስቅባቸው ጀመር። ለመጣው ሁሉ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነጥቤ አሳፍራኝ አታውቅም ይላል። እውነቱን ነው። እንዳታሳፍረው አድርጌ የያዝኳት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ መለዋወጫ ላመጣ ለሁለት ቀን ሌላ ከተማ ሄድኩ። በሌለሁበት የልብስ ሰፊው መኪና ገባች። ልብስ ሰፊው የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሱቁ ከጋራዣችን ፊት ለፊት ነው። መኪናዋ አንዱ ቱቦ ከፈነዳ የአራቱም ጎማ ፍሬን የሚሄድባት አሮጌ ናት። አባቴ ዳበሰ፣ ነጥቧን አደረገ። በማግሥቱ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ባዶውን እስከ ወለሉ ወረደ። ሰውየው ሰው ከምገጭ ብሎ ግንብ መረጠ። የረገጠበት እግሩ ከጉልበቱ በታች ሦስት ቦታ ተሰበረ፤ የስፌት መኪናውን የሚያሽከረክረውም በዚያው እግሩ ነበር።

ስመለስ አባቴ የፈነዳውን ቱቦ ይዞ ተቀምጧል። ጥፋቱ የላስቲኩ ነው ይለኛል፤ የዛሬ ዘመን ላስቲክ ከውስጥ በስብሶ ነው የሚመጣ፣ ማንም አያውቀውም። ይህን ብሎ በርጩማውን ክሪክ ላይ ወዳለች ሌላ መኪና ጎተተና ዐይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ጆንያውን አምጥቼ እግሩ ሥር ዘረገፍኩት፤ «የቀየርኳቸው ናቸው» አልኩት።

አንዱን አንሥቶ አጠፈው። ደግሞ ሌላውን። ጨፍኖ ሲዳብስ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ከዚያ ዐይኑን ከፈተ። በእያንዳንዱ አንገት ላይ ስንጥቁና ነጥቡ ጎን ለጎን ናቸው።

«በአዲሶቹ ላይ ነጥቡን ማን አደረገው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እንዳታፍር ብዬ ነው፣ አባዬ።»

ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጆንያው መለሳቸው።

«የመጀመሪያውን ቀን ብትነግረኝ አንድ ቀን አፍሬ እተወው ነበር» አለ። «ዋሽተኸኝ የጓደኛዬን እግር በላን።»

ከዚያ ወዲያ ቱቦ አልነካም። ልብስ ሰፊው በክራንች ሆኖ ሱቁን የከፈተ ዕለት፣ አባቴ አጠገቡ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንተ ጨርቁን ያዝ፣ እግር እኔ እሆንሃለሁ አለው። ልብስ ሰፊው አልተቀየመውም። ሁለት ሽማግሌ ተደምረን አንድ ሰው ወጣን እያሉ ይቀልዱ ነበር። «ርገጥ» ይለዋል፤ ይረግጣል። «ልቀቅ» ይለዋል፤ ይለቃል። ከማዶ ሆኜ ሳያቸው ነገሩ የተፈታ መሰለኝ። አባቴ ቤት ሲገባ ስንት ሱሪ እንደሰፉ ይነግረናል፤ እንደገና ይበላ፣ ይስቅ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ከወጣ በኋላ፣ ስለተጋጨችው መኪናው ላማክረው ወደ ልብስ ሰፊው ገባሁ። የቀኑን ሥራ ጭኑ ላይ ከምሮ በምላጭ ይተረትራል። ስፌቱ አንድ ቦታ ተኮማትሯል፣ አንድ ቦታ ዘሎ ሄዷል። የአባቴ እግር ፔዳሉን ይርገጥ አይርገጥ አያውቅም ነበር። ሰውየው ከሰዓት በኋላውን እየተረተረ፣ በእጅ መርፌ እንደገና ሲሰፋ ወር ሆኖታል።

«እንዳትነግረው» አለኝ። «እዚህ ሲውል ደስ ይለዋል።»

መንገዱን ስሻገር ነገ ልል ነበር። አላልኩም። ቤት ስገባ አባቴ ጫማውን ሲያወልቅ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ምላጩን፣ ክሩን፣ የእጅ መርፌውን። ንገረው እያለች ዓመት የለመነችኝ እህቴ ከኋላው ቆማ በዐይኗ ዝም በል ትለኝ ነበር። አባቴ እግሩን ቁልቁል አየው።

«ጎሽ» አለ። «ዛሬስ ነገርከኝ።»

በማግሥቱ አልሄደም። ልብስ ሰፊው በክራንቹ እየመጣ በራችንን ያንኳኳል፤ አባቴ ተኝቷል በሉት ይለናል። ልብስ ሰፊው አሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን አፍሬ እተወው ነበር ያለው አባቴ፣ ይኸው አራት ወሩ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ እያጠፈ ይውላል።